አልጣሽን ጎረቤቶቹ መቼ ያዩታል?

በምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ፣ አብርሃ ጅራ ላይ ሰሊጡ ታጭዶ፣ ተራግፎ፣ ሳሉጉም (ለአጨዳ የመጣው የቀን ሠራተኛ) ሒሳቡን ተቀብሎ ወደየሀገሩ ሲመለስ ቤተሰብ ትንሽ ፋታ ያገኛል። በታኅሣሥና በጥር ሙቀቱ ለዘብ ይላል፣ መንገዱ ይደርቃል፣ የተማሪዎች የመንፈቅ ዓመት ዕረፍትም ይቃረባል። ልጆቹን ይዞ ቅዳሜና እሁድን ደን ውስጥ ማሳለፍ ለሚፈልግ ወላጅ ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። የሚሄድበት ስፍራ ግን የለውም። ሰፊው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ የሚገኘው በዚሁ በምዕራብ ጎንደር ዞን ቢሆንም፣ ለአብዛኛው የዞኑ ነዋሪ ከስሙ በቀር የሚያውቀው ስፍራ አይደለም። ለምን እንዲህ ሆነ? ቤተሰብ ፓርኩን ማየት አለማየቱስ ለደኑ ምን ለውጥ ያመጣል?

መጀመሪያ ስፍራውን እንወቀው። አልጣሽ በቋራ ወረዳ፣ ከሱዳን ድንበር ጋር ተያይዞ ይገኛል። በአማራ ክልል መንግሥት ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ የተቋቋመው በ1998 ዓ.ም. ሲሆን፣ ስፋቱ 2,665 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ520 እስከ 920 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሜዳማና ሞቃት ቆላ ነው። የሽመል ጫካ፣ የዕጣን ዛፍ፣ ግራርና ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሣር ይበቅልበታል። በምዕራብ በኩል ሱዳን በ1935 እ.ኤ.አ. ካቋቋመችው የዲንደር ብሔራዊ ፓርክ ጋር ይዋሰናል። ለአራዊቱ ሁለቱ ፓርኮች አንድ ግዛት ናቸው። ክረምት ገብቶ የዲንደር ዋልካ መሬት ውኃ ሲተኛበት ብዙዎቹ ደረቅ መሬት ፍለጋ ወደ ኢትዮጵያ ከፍታ ይወጣሉ፤ በጋ ሲሆን ደግሞ ውኃ ወደሚገኝበት የዲንደር ረግረግ ይወርዳሉ።

በጥር 2008 ዓ.ም. ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት በአልጣሽ አንበሳ መኖሩን ለዓለም ሲያበስር ዜናው በብዙ አገሮች ተሰራጨ። ተመራማሪዎቹ የአንበሶቹን ዱካ አግኝተዋል፣ በደኑ ውስጥ ባጠመዷቸው ካሜራዎችም ፎቶ አንስተዋቸዋል። በአልጣሽና በዲንደር በአንድነት ከ100 እስከ 200 አንበሳ ሊኖር እንደሚችልም ገመቱ። ለቋራ ገበሬ ግን ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። አንበሳ መኖሩን የአካባቢው ሰው ሲናገር ኖሯል፤ የሚሰማውና የሚመዘግበው ግን አላገኘም። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ስለ ደኑ የሚያውቁትና ስለ ደኑ የሚወስኑት ሰዎች እስከ ዛሬ አልተገናኙም።

ወደ ቤተሰቡ ጉዞ እንመለስ። የመጀመሪያው እንቅፋት ርቀት ነው። ከአብርሃ ጅራ ወደ መተማ ወርዶ፣ ከዚያ በቋራ ወረዳ ዋና ከተማ በገለጉ በኩል ወደ ፓርኩ መዝለቅ ቅዳሜ ጠዋት ተነስቶ እሁድ ማታ ለመመለስ የሚመች መንገድ አይደለም። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ዋልካው ጎማ ይይዛል፣ ወንዞቹ ይሞላሉ፣ መኪና አያልፍም። ይህ ግን የአልጣሽ ብቻ ችግር አይደለም። ዲንደርም በክረምት ለጎብኚ ዝግ ነው። ስለዚህ አልጣሽ ዓመቱን ሙሉ እንዲጎበኝ መመኘት አያስፈልግም፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያሉት ሦስት ወራት ይበቃሉ።

ሁለተኛው እንቅፋት ጤና ነው። ከደጋ የመጣ ሰው ቆላ ሲባል የሚፈራው ወባን ነው፤ የምዕራብ አርማጭሆ ሰው ግን ካላዛርንም ያውቃል። አብደራፊ ላይ ለዚሁ በሽታ ሕክምና የሚሰጥ ማዕከል ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከወባ ትንኝ በእጅጉ ታንሳለች፤ ቀዳዳው ሰፋ ባለ አጎበር ሾልካ ትገባለች። ቀን በዋልካው ስንጥቅና በግራር ሥር ትደበቃለች፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ትወጣለች፣ ሌሊቱን ትናከሳለች። ከፍ ብላ መብረር ስለማትችል የምታገኘው በአብዛኛው መሬት ላይ የተኛውን ነው። በየእርሻው ከግራር ሥር የሚያድር ሳሉግ ቀዳሚ ተጠቂ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ያልታከመ ካላዛር ይገድላል።

ከዚህ አንጻር፣ ለቱሪስት የሚነገረው “ደን ውስጥ ድንኳን ተክላችሁ እደሩ” የሚለው ምክር በእኛ ቆላ እንዳለ አይሠራም። እዚህ የሚያስፈልገው የቀን ጉብኝት ነው። ጎህ ሲቀድ መግባት፣ ፀሐይ ሳትከርር በእግር መጓዝ፣ በቀትር ጥላ ሥር ማረፍ፣ ሳይመሽ ወጥቶ ከተማ ላይ በአልጋና መድኃኒት በተነከረ ጥቅጥቅ ባለ አጎበር ማደር። ከጉዞው በኋላ ከሁለት ሳምንት በላይ የዘለቀ ትኩሳት የያዘው ልጅ ወባ የለብህም ቢባል እንኳ ለካላዛር መመርመር አለበት። ይህን እውቀት ያልያዘ የጉብኝት ዕቅድ ልጆቻችንን ለአደጋ ይዳርጋል።

ሦስተኛውና ከባዱ እንቅፋት ጸጥታ ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሱዳን ጦርነት ሕዝብ በመተማ በኩል እንዲሰደድ አድርጓል፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ የአማራ ክልልም ራሱ ግጭት ውስጥ ገባ። ሰውን አግቶ ገንዘብ መጠየቅ በጎንደርና በመተማ መንገድ ስንቱን ቤተሰብ አስለቅሷል። ለቅሶ ለመድረስ እንኳ መንገድ የሚያስፈራበት ሰው ለሽርሽር አይነሳም። ሰላም ሳይመለስ ስለ ቤተሰብ ጉብኝት የሚነገረው ሁሉ ዝግጅት ከመሆን አያልፍም። ሆኖም ዝግጅቱ ዛሬ ካልተጀመረ ሰላም ሲመጣ የሚጎበኝ ደን ላይኖር ይችላል።

ይህን የምለው በአብርሃ ጅራና በመተማ ዙሪያ ባለው የዕጣን ዛፍ ላይ የደረሰውን ስላየን ነው። ዋልያ መቀር የምንለው ይህ ዛፍ በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ገላው እንደ ወረቀት እየተላጠ ይቆማል። ዕጣን ለቃሚው ከግንዱ ላይ በስለት ትንሽ ልጥ ያነሳል። ከቁስሉ እንደ ወተት የነጣ ፈሳሽ ይወጣል፣ ቀስ እያለም ይደርቃል። ለቃሚው ከቀናት በኋላ ተመልሶ የደረቀውን ይለቅማል፣ ቁስሉንም ጥቂት ያሰፋል፤ ዝናብ እስኪገባ ደጋግሞ እንዲሁ ያደርጋል። ታዲያ በመተማ አካባቢ ተመራማሪዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎችንና ችግኞችን ተከታትለው በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አሳሳቢ ነገር አሳየ። ሁኔታው ካልተለወጠ የዕጣኑ ምርት በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል፣ ዛፎቹም በ50 ዓመት ውስጥ እስከ 90 በመቶ ይመናመናሉ።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ምክንያቱ ነው። እየተመናመኑ የተገኙት የሚቆሰሉት ዛፎች ብቻ አይደሉም፤ ያልተነኩትም ናቸው። ዘር ይወድቃል፣ ችግኝም ይበቅላል፤ ነገር ግን ወደ ወጣት ዛፍነት የሚያድግ የለም። በየበጋው እሳት ይለበልበዋል፣ ከብት ይግጠዋል። ያረጁት ዛፎችም በጢንዚዛ እየተበሉ ይወድቃሉ፤ የሚተካቸው የለም። ማንም መጥረቢያ ሳያነሳ ደን ሊጠፋ የሚችለው እንዲህ ነው። አልጣሽም የሚሰጋው ከዚሁ ነው። በየበጋው ድንበር አቋርጠው የሚገቡት የፈላታ ከብት አርቢዎች ብዙ መንጋ ይዘው ይመጣሉ፤ አዲስ ሣር እንዲያቆጠቁጥ ተብሎም ማር ለመቁረጥም የሚለኮስ እሳት ይዛመታል። እጅግ ጥቂት የፓርክ ጠባቂ (ስካውት) ይህን ሁሉ ስፋት ሊጠብቅ አይችልም።

የቤተሰብ ጉብኝት ከጥበቃ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታሰበው መጀመሪያ ፓርኩ ይጠበቅ፣ ቀጥሎ ጎብኚ ይመጣል ተብሎ ነው። እኔ ደግሞ ጉብኝቱ ራሱ የጥበቃው አንድ ክፍል ነው እላለሁ። ስሜን ተራሮችን እንመልከት። ጎብኚ ደባርቅ ላይ ሲመዘገብ መሣሪያ የያዘ ስካውት ይመደብለታል፣ አስጎብኚና በቅሎ ከአካባቢው ሰው ይከራያል። ይህም ሆኖ ፓርኩ ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ ላይ ቆይቷል፤ ስለዚህ ጉብኝት ብቻውን ያድናል ማለት አይቻልም። ነገር ግን የሚያየው፣ የሚቆጥረው፣ ሲጎዳም የሚጮህለት ሰው ነበረው። የመናገሻ ሱባ ደንም እንዲሁ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ጽድ አስተከሉበት ይባላል፤ ዛሬ የአዲስ አበባ ልጅ ቅዳሜ ሄዶ ከእነዚያ ረጃጅም ዛፎች ሥር ይመላለሳል። ደኑ ሲቆረጥ ቢሰማ የሚያዝነው ስለሚያውቀው ነው።

በእኛ ቆላም እንዲህ ያለው ልማድ ሥር አለው። የማኅበረ ሥላሴ ገዳም ደን በመነኮሳቱ ጥበቃ ቆሞ የኖረ ነው። ምእመናን ለንግሥ ስንቅ ቋጥረው፣ ልጅ አዝለው ሲጓዙ ደኑን በአክብሮት ያልፉታል። ለስፍራው ክብር አለኝ የሚል ሰው በዚያ እሳት አይለኩስም። ክብሩ የመጣው በእግሩ ስለረገጠው፣ ከልጅነቱም ጀምሮ ስለሚያውቀው ነው።

ስለዚህ ሥራው በትንሹ ይጀመር። ሎጅና አስፋልት እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። አብርሃ ጅራ ላይ ትምህርት ቤቱ ከዕጣን ለቃሚዎች ጋር ተስማምቶ ተማሪዎችንና ወላጆቻቸውን በጥር አንድ ጠዋት በከተማው አቅራቢያ ወደሚገኝ የዋልያ መቀር ደን ይውሰዳቸው። ልጆቹ ችግኝ ይቁጠሩ፣ ሁለት ሄክታር ያህሉም ከእሳትና ከከብት ተከልሎ በየዓመቱ ለውጡን ይመልከቱ። የቋራና የመተማ ወረዳዎች ደግሞ ጸጥታው ሲፈቅድ በአልጣሽ ዳር አንድ የቀን መሄጃ መንገድ ይለዩ፤ ጥላ፣ ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃና ስካውት ይኑረው። ለአካባቢው ቤተሰብ ክፍያው ከአንድ ቀን የሻይ ወጪ አይብለጥ። አስጎብኚዎቹ ጫካውን የሚያውቁት የጉሙዝና የአማራ ወጣቶች ይሁኑ፤ ደኑ ቆሞ እንጀራ ከሰጣቸው ለእሳቱ መጀመሪያ የሚደርሱት እነሱ ናቸው።

አንበሳው በካሜራ ከመታየቱ በፊት የሚያውቀው የአካባቢው ሰው ነበር። ነገም ደኑ ይኑር ወይስ ይጥፋ የሚለውን የሚወስነው ይኸው ሰው ነው። ልጆቹን ይዞ ገብቶ እንዲያየው መንገዱን ማዘጋጀት ከጥበቃው ሥራ ሁሉ ርካሹም ዘላቂውም ነው።