ስለ ትግል ተማሪዎች አመጋገብ፥ ዕውቀታቸውም ስለሚመዘንበት መንገድ

ትግል በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ የጐልማሶች ጨዋታ ነው፤ ዛሬም ከገናና ከጉግስ ጋራ ከባህል ስፖርቶች አንዱ ሆኖ ይቈጠራል። ታጋዮች በክብደት ተለይተው በሚገጥሙበት ውድድር፥ ምድቡ የተሠራው ከባዱ ቀላሉን እንዳይጐዳው ነው። ነገር ግን ልጁ ከርሱ በሚያንስ ምድብ ገብቶ ለማሸነፍ ሲል መብልና ውሃ ይተዋል፤ ልብስ ደራርቦ እየሮጠ ላቡን ያፈስሳል፤ ለደኅንነት የተሠራውም ሥርዓት የጉዳት ምክንያት ይሆናል።

በ1990 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር 1997) ከጥቅምት 28 እስከ ኅዳር 30 ባለው ጊዜ፥ በአሜሪካ ሦስት የኮሌጅ ታጋዮች ክብደት ለመቀነስ ሲጣጣሩ ሞቱ። ከዚያ በኋላ የኮሌጆቹ የስፖርት ማኅበር ላብ የማያሳልፍ ልብስንና የእንፋሎት ቤትን ከለከለ። በላብ የሚወጣው ውሃ እንጂ ስብ አይደለም፤ ውሃው ሲያልቅ ደም ያንሳል፥ ልብ ይደክማል፥ የሰውነትም ሙቀት መውጫ ያጣል።

ሐኪም ሳይመረምር መድኃኒት እንደማይሰጥ ሁሉ፥ አስተማሪም ልጆቹ የሚያውቁትን አስቀድሞ መመዘን ይገባዋል። የሚመዝነውም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ በመልሱ ወረቀት ላይ ስም አይጻፍ፤ ልጅ እውነቱን የሚገልጸው ቅጣት ካልፈራ ነው።

2ኛ፤ ዕውቀትና ሥራ ተለይተው ይጠየቁ። «ውሃ መተው ይጐዳልን?» የሚለው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ባለፈው ከመመዘንህ በፊት ውሃ ትተህ ነበርን?» የሚለው ሌላ ነው። ጉዳቱን እያወቀ የሚያደርገው ልጅ የሚያስፈልገው ሌላ ትምህርት ሳይሆን ከአሠልጣኙ ግፊት መዳን ነው።

3ኛ፤ «አላውቅም» የሚል መልስ ይጨመር፤ በግምት የተገኘ መልስ ዕውቀት መስሎ እንዳይቈጠር።

4ኛ፤ ጥያቄው ልጁ ከሚያውቀው ገበታ ይነሣ። በአቃቂ ቃሊቲ ዙሪያ ያለው ጥቁር አፈር ጤፍ፥ ሽምብራና ምስር ያበቅላል፤ ስለዚህ «በጾም ጊዜ ለጡንቻ የሚሆን ምግብ ከየት ይገኛል?» ቢባል፥ ከሽሮና ከምስር ወጥ መሆኑን ሊመልስ ይችላል። በልቶት ስለማያውቀው የባዕድ አገር ምግብ ቢጠየቅ ግን መልሱ ዕውቀቱን አያሳይም።

5ኛ፤ የሚቈጠረው ጠቅላላው ነጥብ ብቻ አይሁን፤ በያንዳንዱ ጥያቄ ስንት ልጆች እንደሳቱ ይታይ። ብዙዎች የሳቱት እርሱ በመጀመሪያ ይማሩት፤ ከጥቂት ሳምንታትም በኋላ ያው ጥያቄ ይደገም።

ስም በሌለበት ወረቀት የታመመው ልጅ ተለይቶ አይታወቅምና፥ እርሱን የሚያገኘው የአስተማሪና የወላጅ ዓይን ነው። መብልን እጅግ መፍራት፥ በስውር ብዙ በልቶ ማስመለስ፥ በየጊዜው መመዘን፥ ራስን ማዞር፥ እነዚህ ምልክቶች ናቸው። በሽታው የአእምሮ ሕመም ነው እንጂ ስንፍና ወይም ኵራት አይደለም፤ ለሞትም ሊያደርስ ይችላል።

በዚህ ነገር ሽማግሌዎች በተለይ ልብ ሊያደርጉት የሚገባ አለ። ልጁ መብል ሲተው «ይጾማል» ተብሎ ሊመሰገን ይችላል። ነገር ግን ጾም ጊዜ አለው፤ ሲፈታም ጾመኛው ከቤተ ሰቡ ጋራ በደስታ ይበላል። የታመመው ልጅ ግን በፋሲካ ቀን እንኳ ከገበታው ይሸሻል። እንዲህ ያለውን ሳይቈጡና ሳያሳፍሩ፥ ከወላጆቹ ጋራ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ይገባል፤ እስኪድንም ድረስ በክብደት ምክንያት ከሚደረግ ውድድር ይራቅ።

ልጅ በማደግ ላይ ሳለ ክብደቱ ሊጨምር ተገቢ ነው። እንግዲህ ምድቡ የልጁን እድገት ይከተል እንጂ፥ ልጁ ለምድቡ ሲል እድገቱን አያጕድል።