ገመድ የሌለው መሰርሰሪያ በጀበል

ከጁባ ከተማ በስተ ምዕራብ፣ በጀበል ኩጁር ተራራ ግርጌ፣ የዕለት ሥራ ከጄኔሬተር ጋር የተቆራኘ ነው። ሞተሩ ዝም ሲል የሠራተኛው እጅም አብሮ ይፈታል። ስለዚህ ኃይሉን በራሱ ይዞ የሚዞር መሣሪያ ለዚህ ሰፈር የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ከግዳጅ ሲመለስ በቆጠበው ገንዘብ ለቤቱ አንድ ቁም ነገር ይዞ ለመግባት የሚያስብ ባልደረባችንም ብዙ ነውና፣ ባለባትሪ ድሪልንና ኢምፓክት ድራይቨርን ከጥገና ባልደረቦቻችን ጋር ሞክረን ያየነውን ለውድ አንባብያን እናቀርባለን።

ባለባትሪ ድሪል አዲስ ፈጠራ አይደለም። ብላክ ኤንድ ዴከር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመጀመሪያውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1961 ነበር። ዘመናዊው ባትሪ ግን ሊትየም አዮን ስለሆነ ቀላልና ጉልበታም ነው።

በመጀመሪያ ድሪሉን ይዘን ብሎኬት በሳን። የመዶሻ ምልክት ወዳለበት ስናዞረው ፑንታው እየመታ ገባ። አንገቱ ላይ ያለው ባለቁጥር ቀለበት ደግሞ ብሎኑ በተፈለገው መጠን ሲጠብቅ ማሽከርከሩን ያቆማል። ለቁም ሣጥን ማጠፊያና ለስስ ጣውላ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ኢምፓክት ድራይቨሩ አጠር ያለ ነው፤ ጠባዩም ሌላ ነው። ብሎኑ ሲከብደው በውስጡ ያለው መዶሻ ወደ ኋላ እያፈገፈገ በመዞሪያው አቅጣጫ በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ምት ያሳርፋል። በዚህም የተነሣ ረጅም ብሎን ማገር ውስጥ ሲገባ የሠራተኛው አንጓ አይጠመዘዝም። ሆኖም የሚመታው ለማዞር እንጂ ወደ ፊት ለመብሳት ስላልሆነ፣ ኮንክሪት ላይ ድሪሉን አይተካም። የቆርቆሮ ብሎን ሲያስሩም ጣትን ከማስነሻው በጊዜ ማንሣት ያሻል፤ ከሥሩ ያለው ጎማ ከተጨፈለቀ ዝናብ ሲመጣ ጣሪያው ያፈሳል። ድምፁ ኃይለኛ ስለሆነ የጆሮ መከለያና መነጽር ሊዘነጉ አይገባም።

በገበያ ላይ አንዱ 18 ቮልት፣ ሌላው 20 ቮልት የሚል ጽሑፍ ያለበት ባትሪ ይታያል። ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ያው አምስት ተከታታይ ሴሎች ናቸው፤ 20 የሚባለው ባትሪው ገና ሞልቶ ሥራ ሳይጀምር ያለው ልክ ነው። በዚህ ልዩነት ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አይገባም። ይልቅስ ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ዓይነት ባትሪ መሥራታቸውን ማረጋገጥ ይበጃል።

የባትሪው ጠላት ሙቀት ነው። በጁባ ፀሐይ መኪና ውስጥ ትቶ መሄድ ዕድሜውን ያሳጥራል። ከሥራ በኋላ የጋለውን ባትሪ ጥላ ሥር አቀዝቅዞ ቻርጅ ማድረግ ይገባል።

ወደ አገር ቤት በአውሮፕላን የሚመለስም ልብ ይበል። ከመሣሪያው የተነጠለ የሊትየም ባትሪ የሚጓዘው በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫን ጓዝ አይደለም። ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ ስናባዛ ዋት ሰዓቱን እናገኛለን፤ 18 ቮልትና 5 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ 90 ይሆናል። እስከ 100 ያለው በአጠቃላይ ይፈቀዳል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ አየር መንገዱን አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው።

አቅሙ አንዱን ብቻ ለመግዛት ለሚበቃ አባወራ ምክራችን ድሪሉ ይቅደም ነው፤ መብሳትም ማሰርም ይችላልና። ድራይቨሩ ጣሪያ ለሚያለብስና አናጢነትን እንጀራው ሊያደርግ ለሚያስብ ይጠቅማል። ባለቤቱ በግዳጅ ላይ ያለባት እመቤትም አጠቃቀሙን ብትማር፣ መደርደሪያ ለማሰር ወይም የላላ የበር ማጠፊያ ለማጥበቅ አናጢ መጠበቅ አይኖርባትም። ስለዚህ ዕቃውን ወደ ቤት የሚልክ ሁሉ ከነአያያዙ ጽፎ ይላክ።