ለድመቷ ጥሬ ሥጋ፣ ለእኛ ጥንቃቄ

 

በአገራችን «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይባላል። ተረቱ የተነገረው ለሰው ነው፤ ስለ ድመቷ የሚለው ግን እውነት ነው። ድመት ሥጋ በል ሆና ተፈጥራለች። ልጆች ሳለን ውሮ ከገበታው ሥር ፍርፋሪ ትለቅም ነበር። ላም ሲታለብ ጥቂት ወተት ይደርሳታል፤ የቀረውን ከጎተራው ሥር አይጥ አድና ትሞላዋለች። ለድመት ብሎ ሥጋ የሚገዛ ሰው ግን አይተን አናውቅም።

ሪያድ ስንመጣ ነገሩ ተገለበጠብን። ከመካከላችን አንዷ በሰሜን ሪያድ በሚገኝ ቤት ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ሳምንት ማዳም ማቀዝቀዣውን ከፍታ ሦስት ከረጢት አሳየቻት። በአንዱ የበግ ልብና ጉበት፣ በሌላው የዶሮ ሥጋ፣ በሦስተኛው ላባቸው ያልተነቀለ የደረቁ ጫጩቶች ነበሩ። እኅታችን ጫጩቶቹን እንዴት አድርጋ እንደምትገነጥል ስታስብ ቆየች። ኋላ ግን ሁሉም ለቢሳ፣ ማለትም ለድመቷ፣ እንደሆነ ተነገራት። በየማለዳው፣ የልጆቹ ቁርስ ሳይቀርብ፣ የድመቷን ሥጋ መቆራረጥ የእርሷ ሥራ ሆነ። መክተፊያውም ያው አንዱ መክተፊያ ነበር።

ብዙዎቻችሁ ይህን ሥራ እንደምትሠሩ እናውቃለን። ስለዚህ በዚህ ዕትማችን ጥሬ ሥጋው በእጃችን ሲያልፍ ምን ይዞ እንደሚያልፍና ራሳችንን እንዴት እንደምንጠብቅ እንነጋገራለን።

ይህ ልማድ ከየት መጣ?

በዚህ አገር ድመት የተከበረች እንስሳ ናት። በእስልምና ድመት ንጹሕ ናት፤ ቤት ገብታ ከሰው ጋር ትኖራለች። ብዙ ሐዲሥ ያስተላለፈው የነቢዩ ባልደረባ አቡ ሁረይራ የሚለው ስሙ «የድመት ግልገል አባት» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሐምሌ ወር በሪያድ የሃይማኖት ፖሊስ ድመትና ውሻ መሸጥንም በአደባባይ ይዞ መንሸራሸርንም ከልክሎ ነበር። ምክንያቱም ወጣት ወንዶች በእንስሳቱ አሳብበው ሴቶችን ያነጋግራሉ የሚል ነበር። ዛሬ ያ ጊዜ አልፎ የቤት እንስሳትና ምግባቸው በከተማው በግልጽ ይሸጣሉ።

ጥሬ ይሻላል የሚለው ሐሳብ ደግሞ ከሩቅ አገር የመጣ ነው። ፍራንሲስ ፖተንጀር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1942 በካሊፎርኒያ ብዙ ድመቶችን ለሁለት ከፍሎ መገበ። ጥሬ ሥጋ የበሉት ደኅና ሆኑ፤ የበሰለ የበሉት ግን ታመሙ፣ ልጆቻቸውም ደከሙ። ያን ጊዜ ያልታወቀው ነገር ታውሪን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ድመት ታውሪንን በበቂ መጠን በራሷ አካል መሥራት አትችልም፤ ከሥጋ ማግኘት አለባት። ሥጋ ሲቀቀል ከታውሪኑ ብዙው ከውሃው ጋር ይወጣል። ታውሪን ያነሳት ድመት ዓይኗ እንደሚጠፋ በ1970ዎቹ፣ ልቧ እንደሚታመም ደግሞ በ1987 ታወቀ። ከዚያ ወዲህ በፋብሪካ የሚሠራው የድመት ምግብ ታውሪን ይጨመርበታል። እንግዲህ የበሰለ ወይም የታሸገ ምግብ ድመትን ይገድላል የሚለው ፍርሃት ጊዜው ያለፈበት ነው። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2012 ለድመትና ለውሻ ጥሬ ሥጋ መስጠትን እንደማይደግፍ አስታውቋል።

አይጥና የበግ ሥጋ አንድ አይደሉም

ድመት በዱር ብትሆን ጥሬ ነው የምትበላው የሚለው እውነት ነው። ነገር ግን አይጥ ስትይዝ የምትበላው ሙሉውን ነው፤ ሥጋውን፣ አጥንቱን፣ ልቡን፣ ጉበቱን። ካልሲየሙን ከአጥንቱ፣ ታውሪኑን ከልቡ ታገኛለች። ማዳም የምትሰጣት አጥንት የሌለው ቀይ ሥጋ ግን ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። በዚህ ብቻ ያደገች ግልገል አጥንቷ ይሳሳል፤ ከሶፋ ስትዘል እንኳ ሊሰበር ይችላል። ጉበት ብቻ በየቀኑ ቢሰጣት ደግሞ ቫይታሚን ኤ በዝቶባት አንገቷ ይደርቃል። የበሰለ አጥንትም አይሰጣት፤ ተሰንጥቆ ጉሮሮዋንና አንጀቷን ይወጋል። ከከብሳው የተረፈውን ሥጋ መስጠትም ጥሩ አይደለም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ደም ይጎዳሉና።

ይህን የምንነግራችሁ ድመቷ ብትታመም መጀመሪያ የምትጠየቁት እናንተ ስለሆናችሁ ነው። የታዘዛችሁትን ሰጥታችሁ ሳለ «ምን አበላሻት?» እንዳትባሉ፣ ምን እንደሚጎዳት ማወቅ ይጠቅማችኋል።

በእጃችን የሚያልፈው

ጥሬ ሥጋ ለሐበሻ አዲስ ነገር አይደለም። ቁርጥና ክትፎ እንወዳለን፤ ኮሶ የሚያመጣብንም እርሱ መሆኑን እናውቃለን። የድመቷ ጥሬ ሥጋ ግን ባንበላውም ሊያገኘን ይችላል። እጅ፣ ቢላዋ፣ መክተፊያና ስፖንጅ መንገዱ ናቸው።

የመጀመሪያው ሳልሞኔላ ነው። ተቅማጥ፣ ትኩሳትና የሆድ ቁርጠት ያመጣል፤ ለሕፃናትና ለአረጋውያን ይከፋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012 ባደረገው ምርመራ ለውሻና ለድመት ከሚሸጥ 196 ጥሬ ምግብ ውስጥ 15ቱ ሳልሞኔላ፣ 32ቱ ደግሞ ሊስቴሪያ የሚባል ተህዋስ ተገኝቶባቸዋል። ማቀዝቀዣ ሳልሞኔላን አይገድልም፤ ያስተኛዋል እንጂ። ሥጋው ሲቀልጥ ተህዋሱም ይነሣል።

ሁለተኛው የወፍ ጉንፋን ነው። ታይላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 በአንድ የነብር ማቆያ ጥሬ ዶሮ ከተመገቡት 441 ነብሮች 147ቱ ሞተዋል ወይም እንዲሞቱ ተደርጓል። በ2024 ታኅሣሥ ወር አሜሪካ ኦሬገን ውስጥ አንዲት የቤት ድመት በቫይረሱ የተበከለ የቱርክ ዶሮ ጥሬ ምግብ በልታ ሞታለች። ሪያድም ከዚህ በሽታ ነጻ አልነበረችም፤ በ2017 መጨረሻ በአዚዚያ የወፍ ገበያ ኤች 5 ኤን 8 የተባለው ዓይነት ተገኝቶ ነበር። ስለዚህ ድመቷ ከሐውሹ የሞተ እርግብ ይዛ ብትገባ በባዶ እጃችሁ አታንሡት። በላስቲክ ይዛችሁ፣ አስራችሁ ጣሉት፤ እጃችሁንም ታጠቡ።

ሦስተኛውና ለእኛ ለሴቶች የሚከፋው ቶክሶፕላዝማ ነው።

የአሸዋው ነገር

ቶክሶፕላዝማ ጥሬ ሥጋ ወይም አይጥ የበላች ድመት የምትይዘው ጥገኛ ተህዋስ ነው። ድመቷ ብዙውን ጊዜ ምንም አትታመምም። አዲስ በተያዘች ጊዜ ግን ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ያህል በዓይነ ምድሯ እንቁላሉን ትጥላለች። ማዳም «ረመል» የምትለውን የድመቷን አሸዋ የምናጸዳ እኛ ነን፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። በበሽታው የተያዘ ጤነኛ ሰው ቀላል ጉንፋን የያዘው ያህል ተሰምቶት ሊያልፍለት ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት በእርግዝናዋ ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ከተያዘች ግን ፅንሱ ሊጨነግፍ፣ ሕፃኑም ዓይኑ ወይም አንጎሉ ተጎድቶ ሊወለድ ይችላል። በሽታ የመከላከል አቅሙ ለደከመ ሰውም ከባድ ነው።

ነገሩ የዚህ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ከተመረመሩ የጎዳና ድመቶች በአብዛኞቹ ቶክሶፕላዝማ መኖሩን አሳይቷል። አገራችን ስንመለስም ጥንቃቄው አብሮን ይመለስ።

ደግነቱ እንቁላሉ እንደ ወጣ ወዲያው አይዝም፤ እስኪበስል ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ አሸዋውን በየቀኑ ያጸዳች ሴት ከአደጋው ብዙውን አስወግዳለች። ስንፍና ወይም ሥራ በዝቶ ለሦስት ለአራት ቀን የተተወ አሸዋ ነው የሚያሰጋው።

ማድረግ ያለብን

የሥጋ መክተፊያውና ቢላዋው ለድመቷ ብቻ ይሁኑ፤ ካልተቻለ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥበው ከደረቁ በኋላ ብቻ ለሰው ምግብ ይዋሉ። የድመቷ ሳሕን የሚታጠብበት ስፖንጅም ለብቻው ይሁን።

ሥጋው የሚቀልጠው በፍሪጅ ውስጥ፣ በታችኛው መደርደሪያ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ነው። በጠረጴዛ ላይ አይደር። ዶሮ በቧንቧ ውሃ አይታጠብ፤ ፍንጣሪው ወጥ ቤቱን ሁሉ ይበክላል።

ድመቷ የተወችውን ሥጋ አንሡት። በሪያድ በጋ፣ በተለይ በሐውሽ ከሆነ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ።

አሸዋውን በጓንት፣ በየቀኑ አጽዱ። አቧራው እንዳይነሣ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ከዚያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሣጥኑን በፈላ ውሃ እጠቡት እንጂ በበረኪና አትመኑ፤ በረኪና የቶክሶፕላዝማን እንቁላል አይገድልም። ከዚህም ሌላ የድመት ሽንት አሞኒያ ስላለው ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ደረትን የሚያፍን ጋዝ ያወጣል።

ድመቷ ብትነክሳችሁ ወይም ብትቧጭራችሁ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ እጠቡና ወደ ሐኪም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል፤ ክትባቱ የሚረዳው ሳይዘገይ ሲወሰድ ነው። ለጤና ጥያቄ የሳዑዲ ጤና ሚኒስቴር የስልክ ቁጥር 937 ነው።

ለማዳም እንዴት እንንገራት?

ይህ ከሁሉም ይከብዳል። «ጥሬ ሥጋ አቁሚ» ብንላት ልትቆጣ ትችላለች። በትንሹ መጀመር ይሻላል። «ማዳም፣ አብጋ ጉፋዛት» ማለት ጓንት እፈልጋለሁ ማለት ነው፤ ይህን ለመጠየቅ ምንም ምክንያት መናገር አያስፈልግም። የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብም አሠሪ የሠራተኛዋን ጤና ለአደጋ የሚጥል ሥራ እንዳያሠራ ይከለክላል።

ማዳም ራሷ «ሓሚል»፣ ማለትም ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ዝም አትበሉ። በመግቢያችን ያነሣናት እኅታችን ያደረገችው ይህንኑ ነው። ማዳም ሦስተኛ ልጇን አርግዛ ድመቷን አቅፋ ስትተኛ አየቻት። በተሰባበረ ዓረብኛ፣ ሥጋውን እየጠቆመች፣ ሐኪሟን እንድትጠይቅ ነገረቻት። ማዳም በመጀመሪያ ሳቀች። ከክትትል በተመለሰች ማግሥት ግን ጥሬ ሥጋው ቀርቶ የታሸገ ምግብ ተገዛ፤ ለእኅታችንም አንድ ካርቶን ጓንት መጣላት። ሁሉም ቤት እንዲህ አይሆንም፤ ሳይነገር ግን የሚለወጥ የለም።

ጾምና ሥጋ

በዐቢይ ጾም ሥጋ መንካት ጾሜን ያፈርስብኛል ወይ ብለው የሚጨነቁ እኅቶች አሉ። እንጀራችን በሰው ቤት ሆኖ ሥጋ መቁረጥ ግዴታችን ከሆነ፣ መቁረጡ መብላት አይደለም። አትቅመሱ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ በልባችሁ ጹሙ። ከዚህ በላይ የከበዳችሁን ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ።

ሌላም የልብ ነገር አለ። ለድመቷ የበግ ጉበት ቆርጣ አቅርባ፣ ራሷ የትናንት ሩዝ ስትበላ ያለቀሰች እኅት አለች። ልቅሶዋ ይገባናል። አገር ቤት እናቷ ለበዓል ሥጋ ትግዛ አትግዛ የማታውቅ ሴት ያንን ጉበት እያየች ምን እንደምታስብ አናጣውም። ነገር ግን ቂሙን በድመቷ ላይ አናሳርፍ። ጉበቱን የመረጠችው እርሷ አይደለችም። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 12 ቁጥር 10 ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ ያስተምረናል። በአሠሪዎቻችን ሃይማኖትም ድመት አስራ አስርባ የገደለች ሴት እንደተቀጣች የሚናገር ሐዲሥ አለ። እንስሳዋን በርኅራኄ፣ ራሳችንን በጥንቃቄ እንያዝ። የእኛም ነፍስ ከድመቷ ነፍስ አታንስምና፣ ጓንቱንም፣ የሚበላ ትኩስ ምግብም፣ ሕክምናም ስንጠይቅ አንፈር።

ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ፣ ማንበብ ለማትችል ጎረቤት እኅታችሁ በቃል ንገሯት። በተለይ የአሸዋውን ነገር አደራ።

አምላካችን ለአገራችሁ በጤና ያብቃችሁ። አሜን።