«ተራዘመ» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል? የጉባኤ ዝግጅት ቃላትና የልምምዳቸው መንገድ ከአርባ ምንጭ አንጻር

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች ጉባኤና ዐውደ ጥናት ሲያዘጋጁ የሚያስፈልጋቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት ይመለከታል። የጽሑፉ መከራከሪያ፣ በዚህ ዘርፍ ችግር የሚፈጥሩት እንግዳና ብርቅ ቃላት ሳይሆኑ በየዕለቱ የምንጠቀምባቸው ናቸው የሚል ነው። የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቃል የትርጉም ወሰን በማይገጥምበት ቦታ ሁሉ ደብዳቤው ሰዋስዋዊ ስሕተት ሳይኖርበት እንግዳውን ያሳስታል። ጽሑፉ እነዚህን ቦታዎች በአምስት ክፍል ለይቶ ያብራራል፤ በመጨረሻም የልምምድ ስልት ይጠቁማል።

1. መግቢያ

አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ተመሥርቶ በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደገ ተቋም ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ አድርጎ ስላጸናው፣ የጉባኤ ጥሪ፣ የግብዣ ደብዳቤ፣ መርሐ ግብርና የጥናት መድበል በአብዛኛው በዚሁ ቋንቋ ይዘጋጃሉ። ዝግጅቱ ራሱ ግን የሚመከርበትና የሚፈጸመው በአማርኛ፣ ብዙ ጊዜም በጋሞኛ ነው። ኮሚቴው በአማርኛ ይወስናል፤ ጸሐፊው ውሳኔውን በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ስሕተቱ የሚገባው በዚህ መሸጋገሪያ ላይ ነው።

የቦታው ርቀትም ጉዳዩን ያከብደዋል። ከተማው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አዲስ አበባ ላይ ሰዓት የተሳሳተ እንግዳ ዘግይቶም ቢሆን ይደርሳል፤ በአርባ ምንጭ ጉባኤ ግን አንድ በረራ ያመለጠው ሰው የሚያቀርበውን ጽሑፍ ይዞ አንድ ሙሉ ቀን ሊያጣ ይችላል። በመሆኑም የቃላቱ ጉዳይ የቋንቋ ክፍሎች ብቻ ሆኖ አይቀርም።

የሥነ ቃላት ትምህርት ተመራማሪው ፖል ኔሽን በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራቸው፣ አንድን ቃል ማወቅ ማለት ቅርጹን፣ ትርጉሙንና አጠቃቀሙን ማወቅ እንደሆነ ያስረዳሉ። በጉባኤ ዝግጅት የተሠማራ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ቅርጹን አያጣም፤ «ኮንፈረንስ» ወይም «ኢንቪቴሽን» የሚለውን ቃል ጽፎ አይሳሳትም። የሚቸገረው በትርጉሙ ወሰንና በአጠቃቀሙ ላይ ነው።

2. የስብሰባው ስም

በአማርኛ «ጉባኤ» ሰፊ ቃል ነው። የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ በእንግሊዝኛ «ሰሚት» ነው፤ የማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ «ጄኔራል አሴምብሊ» ነው፤ የምሁራን ጉባኤ «ኮንፈረንስ» ነው። «ዐውደ ጥናት» ደግሞ አንዳንድ ጊዜ «ወርክሾፕ»፣ አንዳንድ ጊዜ «ሲምፖዚየም»፣ ሌላ ጊዜ «ሴሚናር» ይሆናል። እንግሊዝኛው የሚለየው በተሳታፊው ሥራ ነው። «ወርክሾፕ» ሲባል ተሳታፊው ይሠራል፣ ይለማመዳል፤ «ሲምፖዚየም» ሲባል በአንድ ጭብጥ ላይ የሚቀርቡ ጽሑፎችን ይሰማል፣ ይወያያል። ስለዚህ አንድ የውኃ ሀብት ባለሙያ «ወርክሾፕ» ተብሎ ተጠርቶ መጥቶ ቀኑን ሙሉ ንግግር ብቻ ቢሰማ፣ ወይም በተቃራኒው ስላይድ ይዞ መጥቶ የተግባር ሥልጠና ቢጠብቀው፣ ጥፋቱ የስያሜው ነው።

«ምረቃ» ሌላው አስተማሪ ምሳሌ ነው። ተማሪ ይመረቃል፣ ሕንፃ ይመረቃል፣ መጽሐፍም ይመረቃል። እንግሊዝኛው ግን ለተማሪው «ግራጁዌሽን»፣ ለሕንፃው «ኢናጉሬሽን»፣ ለመጽሐፉ «ሎንች» ይላል። አንዱን በሌላው ቦታ ማስገባት ዝግጅቱን ከስሙ ጀምሮ ያዛባዋል።

የስብሰባው ሂደትም እንዲሁ ነው። «ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል» ሲባል የሚፈለገው «ኮረም» እንጂ ሁሉም ተሳታፊ በአንድነት የሚቀመጥበት «ፕሊነሪ» አይደለም። «ቃለ ጉባኤ» «ሚኒትስ» ነው፤ የቀረቡት ጽሑፎች ታትመው የሚወጡበት መድበል ግን «ፕሮሲዲንግስ» ይባላል። «ቃለ ጉባኤው ይታተማል» የሚለውን ውሳኔ «ሚኒትስ» ብሎ የተረጎመ ጸሐፊ፣ ጽሑፉ በመድበል እንዲወጣለት የሚጠብቀውን ተመራማሪ ያስቀራል።

3. ጊዜ፤ ከሁሉ የከፋው ወጥመድ

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የ6ኛው አገር አቀፍ ምርጫ ቀን ሲለወጥ በአማርኛ የተነገረው «ምርጫው ተራዘመ» ተብሎ ነው። ምርጫው የተካሄደው በሰኔ 2013 ዓ.ም. ነበር። የአማርኛ ተናጋሪ «ተራዘመ» ሲል ብዙ ጊዜ «ወደ ሌላ ቀን ተላለፈ» ማለቱ ነው። ይህንኑ «ኤክስቴንድድ» ብሎ መተርጎም ግን ዝግጅቱ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል ማለት ይሆናል። የሁለት ቀን ጉባኤ «ተራዘመ» ሲባል እንግዳው ሦስት ወይም አራት ቀን እንደሚፈጅ ተረድቶ፣ በመጀመሪያው ቀን በረራውን ይዞ ይመጣል። ትክክለኛው ቃል «ፖስትፖንድ» ነው። በአንጻሩ የአኅጽሮተ ጥናት ማስረከቢያ ቀን ሲራዘም «ኤክስቴንድድ» በትክክል ይሠራል፤ ምክንያቱም የሚረዝመው የተፈቀደው ጊዜ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው፣ ድርጊቱ ቦታ ለወጠ ወይስ ጊዜው ሰፋ የሚለው ጥያቄ ነው።

እንግሊዝኛው ራሱም ከዚህ ዓይነቱ አሻሚነት የጸዳ አይደለም። «ቴብል» የሚለው ግስ በብሪታንያ አጀንዳን ለውይይት ማቅረብን፣ በአሜሪካ ደግሞ ከውይይት ማንሳትን ያመለክታል። ስለሆነም በዓለም አቀፍ ደብዳቤ ውስጥ ይህን ቃል መተው ይሻላል።

የሰዓትና የቀን አቆጣጠር ለብቻው ልምምድ ይሻል። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» በዓለም አቀፉ አቆጣጠር 9፡00 ነው፤ ቁጥሩን ሳይለውጡ ጠዋት የሚለውን ምልክት ብቻ መጨመር እንግዳውን በሌሊት ይቀሰቅሰዋል። የቀን አጻጻፍም ከዚህ ይብሳል። 8/1/2017 ተብሎ የተጻፈ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 18 ቀን 2024 ነው። ብሪታንያዊ ያንኑ ጃንዋሪ 8 ቀን 2017፣ አሜሪካዊ ደግሞ ኦገስት 1 ቀን 2017 ብሎ ያነበዋል። አንድ ጽሑፍ ሦስት ቀን ሆነ ማለት ነው። የ2017 በጀት ዓመትም ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ያለው ጊዜ በመሆኑ፣ ለውጭ አጋር ሲጻፍ ከጁላይ 8 ቀን 2024 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2025 ተብሎ ካልተገለጸ፣ የድጋፍ ገንዘቡ ጊዜ በሰባትና በስምንት ዓመት የተሳሳተ ይመስላል። መፍትሔው ወሩን ሁልጊዜ በፊደል መጻፍ፣ የዘመን አቆጣጠሩን መጥቀስና ሰዓቱ የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት መሆኑን ማመልከት ነው።

4. ግብዣ፣ ገንዘብና ዕቃ

በአማርኛ የጋበዘ ይከፍላል። «ጋበዝኩህ» የተባለ ሰው ኪሱን አይዳብስም። በእንግሊዝኛ «ኢንቫይት» ማለት እንዲገኙ መጠየቅ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ወጪ መሸፈንን በራሱ አያረጋግጥም። ይህ ልዩነት በሁለቱም አቅጣጫ ይጎዳል፤ ኮሚቴው ወጪ የማይችል ሆኖ ሳለ እንግዳው እንደሚሸፈንለት ሊጠብቅ ይችላል፤ የእኛ ተማሪም ከውጭ «ኢንቪቴሽን» ሲደርሰው ወጪው ሁሉ የተቻለለት ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤው የጉዞ፣ የማደሪያና የምግብ ወጪን ማን እንደሚሸፍን በተለየ ዐረፍተ ነገር መግለጽ ይኖርበታል።

«አበል» የሚለው ቃልም ብዙ ነገር ይሸከማል። ውሎ አበል በእንግሊዝኛ «ፐርዲዬም» ነው። ለተናጋሪ በምስጋና የሚሰጠው ክፍያ «ኦኖራሪየም» ሲባል፣ እንግዳው ቀድሞ ከፍሎ በደረሰኝ የሚመለስለት ደግሞ «ሪኢምበርስመንት» ነው። ሦስቱ የተለያየ ማስረጃ ይጠይቃሉ። ከሻጮች ዋጋ ለማወዳደር የምንሰበስበው «ፕሮፎርማ» በዓለም አቀፍ ንግድ ሻጩ ዕቃውን ከማስረከቡ በፊት የሚልከው ጊዜያዊ ሰነድ ነው፤ የእኛ ቢሮዎች የሚፈልጉትን ለመግለጽ «ኮቴሽን» ይቀላል።

በአዳራሹ ውስጥም ቃላት አሉን፤ ነገር ግን ሁሉም ተሻጋሪ አይደሉም። «ኤልሲዲ ተዘጋጅቷል» ስንል ፕሮጀክተር ማለታችን ነው፤ የውጭ እንግዳ ግን ጠፍጣፋ ስክሪን ይጠብቃል። «ሞንታርቦ» ከጣሊያን የድምፅ መሣሪያ አምራች ስም የተወረሰ ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ «ላውድስፒከር» ወይም «ሳውንድ ሲስተም» ካልተባለ አይታወቅም።

5. ቦታና ስም

የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ስም ለአገሬው ግልጽ፣ ለእንግዳው ግን እንቆቅልሽ ነው። ዓባያና ጫሞ ሐይቆች ናቸው፤ ነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ኩልፎ ወንዝ ነው፤ አራቱም የግቢ ስሞችም ናቸው። «ጫሞ እንገናኝ» የሚል መልእክት ለባልደረባ በቂ ነው። እንግዳ ግን ካርታ ላይ ሐይቁን ያገኛል። በመሆኑም «ካምፓስ» የሚለው ቃል መቼም መቅረት የለበትም፤ ማረፊያው በሴቻ ይሁን በሲቀላ መጠቀሱም ይጠቅማል። የአስተዳደር ስያሜም ተለውጧል። ጋሞ ዞን በ2011 ዓ.ም. ከቀድሞው ጋሞ ጎፋ ዞን የወጣ ሲሆን፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ነው። ከአሮጌ ደብዳቤ የተገለበጠ አድራሻ ለቪዛ ማመልከቻ ከሚቀርብ ሌላ ሰነድ ጋር ላይገጥም ይችላል።

6. ዱቡሻን ማን ይተረጉመዋል?

እስካሁን የታየው የአማርኛው ቃል ሰፍቶ የእንግሊዝኛው ሲጠብብ ነው። በጋሞ የባህል ሥርዓት ላይ ጉባኤ ሲዘጋጅ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዱቡሻ ማኅበረሰቡ ተሰብስቦ የሚመክርበት፣ በዎጋ የሚዳኝበትና ዕርቅ የሚያወርድበት ቦታም ሥርዓትም ነው። ውይይቱ በምርቃት ታጅቦ ወደ ስምምነት ያመራል። የፈረንሣዩ ዣክ ቢሮ ስለ ጋሞ ሸንጎዎች ጽፈዋል፤ ዴና ፍሪማንም በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የሃላቃን ሹመትና የዶኮን ማኅበረሰብ ለውጥ መርምረዋል። ዱቡሻን «ሚቲንግ» ብሎ በመርሐ ግብር ላይ መጻፍ ዳኝነቱንም ሥፍራውንም ይሠርዛል፤ «ኮርት» ማለትም ምክሩን ያስቀራል። የሚሻለው ስሙን እንደያዘ አስቀምጦ በአንድ ዐረፍተ ነገር ማብራራት ነው።

የመሪው ሚና ስያሜም በዚሁ ይታያል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው በአርባ ምንጭ ለበቀል የተነሡ ወጣቶችን መልሰዋል። ይህንን የፈጸሙት አባቶች «ሚዲዬተር» ቢባሉ ያስኬዳል፤ «ሞደሬተር» ማለት ግን የክፍለ ጊዜ አወያይ ነው። «ፋሲሊቴተር» ደግሞ ተሳታፊዎች ራሳቸው እንዲሠሩ መንገድ የሚያመቻች ነው። ስለ ዕርቅ የሚወያይ ጉባኤ እነዚህን ካምታታ፣ የሚያጠናውን ነገር በራሱ መርሐ ግብር ላይ አሳሳተ ማለት ነው።

7. እንዴት ይለማመዱታል?

የሁለት ዓምድ የቃላት ዝርዝር፣ አማርኛ በግራ እንግሊዝኛ በቀኝ፣ ከላይ የታየውን ችግር አይፈታም፤ እንዲያውም አንድ ለአንድ መግጠም አለ የሚለውን እምነት ያጠናክራል። ከዚያ ይልቅ ልምምዱ ከውሳኔ መነሣት አለበት። ለምሳሌ የሚከተለው ማስታወቂያ ለመልመጃ የተዘጋጀ ነው፦

«ለታኅሣሥ 10 ቀን 2018 ተይዞ የነበረው ዐውደ ጥናት ወደ ጥር 8 ተራዝሟል። በጫሞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይጀመራል። ተጋባዦች አበል ይታሰብላቸዋል።»

ተለማማጁ ከመጻፉ በፊት አምስት ጥያቄ ይመልሳል፦ ተሳታፊው ይሠራል ወይስ ይሰማል? ቀኑ ተዛወረ ወይስ ረዘመ? ጫሞ የቱ ነው? ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር ነው? አበሉ ከሦስቱ የትኛው ነው? ከዚያ በኋላ «ፖስትፖንድ» የሚለውን ከዲሴምበር 19 ቀን 2025 ወደ ጃንዋሪ 16 ቀን 2026 ከሚለው ጋር፣ ሰዓቱንም 9፡00 አድርጎ ይጽፋል። ቀሪዎቹን ጥያቄዎች ማስታወቂያው ስለማይመልስ ኮሚቴውን መጠየቅ ግድ ይሆናል። ይህም ራሱ የልምምዱ ፍሬ ነው፤ መዝገበ ቃላት ያልተወሰነን ነገር ሊወስን አይችልም።

ቃሉ በአእምሮ እንዲጸና ደግሞ ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ከትውስታ ማውጣት ይበልጣል። ካርፒክና ሮዲገር በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሙከራ፣ ተማሪዎች 40 የስዋሂሊና የእንግሊዝኛ ጥንድ ቃላት ተምረው ነበር። የያዙትን ቃል እየደጋገሙ ራሳቸውን የፈተኑት ከሳምንት በኋላ 80 በመቶ ያህሉን አስታወሱ፤ ፈተናውን ያቋረጡት ግን፣ ንባቡን ቢቀጥሉም እንኳ፣ ከሲሶው ብዙም አልዘለሉም። ኔሽንም የቋንቋ ትምህርት በማዳመጥና በማንበብ፣ በመናገርና በመጻፍ፣ በቋንቋው ላይ በማተኮርና ቅልጥፍናን በማዳበር መካከል ተመጣጥኖ እንዲከፈል ይመክራሉ። ለጉባኤ ኮሚቴ ይህ ማለት፣ ያለፈ ጥሪ ማንበብ፣ አዲስ ደብዳቤ መጻፍ፣ ከላይ ያሉትን ጥንድ ቃላት ለይቶ ማጥናትና የመክፈቻ ማስታወቂያን በሰዓት ገደብ በቃል መለማመድ ነው።

8. ማጠቃለያ

የጉባኤ እንግሊዝኛ የሚጠይቀው የቃላት ብዛት ትንሽ ነው፤ ጥንቃቄው ግን ብዙ ነው። ስያሜ፣ ጊዜ፣ ገንዘብ፣ ቦታና ሚና፣ እነዚህ አምስቱ በእያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ ከመላኩ በፊት ሊፈተሹ ይገባል። ፍተሻውን ጽሑፉን ካዘጋጀው ሌላ ሰው ቢያደርገው ይመረጣል፤ እርሱም ደብዳቤውን ወደ አማርኛ መልሶ ይተርጉመው። የተመለሰው ትርጉም ከኮሚቴው ውሳኔ ጋር ካልገጠመ ደብዳቤው ገና አልተጠናቀቀም።