ዳጣ
ዳጣ በወላይታ ዞን በስፋት የሚታወቅ፣ ያለ እሳት የሚዘጋጅ የሚያቃጥል ማባያ ነው። ክረምቱ ሲወጣ በመስከረም በሚከበረው የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በጊፋታ፣ ከሥጋ ጋር ይቀርባል። በአዘቦት ቀን ከተቀቀለ ጎደሬ፣ ከቦዬ ወይም ከድንች ጋር ይበላል።

አዘገጃጀት
አረንጓዴ ወይም ቀይ እርጥብ ቃሪያ ይታጠብና ውኃው እስኪንጠፈጠፍ ይቆያል። ከዚያም ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላ፣ ከጤና አዳምና ከጨው ጋር በድንጋይ ላይ እስኪልም ይፈጫል። የተረፈው በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል።

ጥንቃቄ
ዳጣ ምንም ያህል ቢያቃጥል በጥሬ ሥጋ ውስጥ ያለውን የኮሶ ትል ዕጭ አይገድልም። ዕጩ የሚሞተው ሥጋው እስከ ውስጡ በደንብ ሲበስል ነው። ስለዚህ ዳጣው እሳት ባያስፈልገውም ሥጋው ያስፈልገዋል።