ሰማዩ ጠርቶ ወንዙ ሲሞላ

ደብተርና እርሳሳችሁን አቅርባችኋል? መልካም። የዛሬው ንግግራችን በድንገት ስለሚለወጥ አየር ነው። በምሳሌ እንጀምር።

በገንዳ ውሃ ከተማ አንድ ተማሪ አለ እንበል። ወሩ ሰኔ ነው። ፈተናው አልቋል። ተማሪው ከጓደኞቹ ጋር ለቅዳሜ ቀጠሮ ይዟል። ኳስ አለ፤ ዳቦ አለ። የሚጫወቱት በደረቀው ወንዝ ውስጥ፣ አሸዋው ላይ ነው። ጧት ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከቀትር በኋላ ግን በምሥራቅ፣ በደጋው በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ከሩቅ መብረቅ ብልጭ አለ። እነሱ ባሉበት ግን ገና ፀሐይ ነው።

እንግዲህ ተማሪው ምን ያድርግ? «ዝናቡ ሩቅ ነው፤ ምን አገባን?» ብሎ ይጫወት? ወይስ ኳሱን ይዞ ይውጣ? መልሱ አንድ ነው። አሁኑኑ ይውጣ! ለምን? እንመልከት።

በመጀመሪያ፣ አየሩ ለምን ይለወጣል? መተማ ቆላ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍበት ቀን አለ። መሬቱ ሲግል በላዩ ያለው አየርም ይሞቃል። የሞቀ አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል። ክረምት ሲቃረብ ደግሞ ከደቡብ ምዕራብ እርጥበት ያለው ነፋስ ይመጣል። ይህ እርጥብ አየር ከፍ ሲል ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው እንፋሎት ጠብታ ይሆናል። የድስት ክዳን ስታነሡ ከሥሩ ጠብታ ታያላችሁ አይደል? ደመናም እንደዚሁ ነው። ፀሐይዋ ስትበረታ ደመናው እያደገ ይሄዳል። ጧት የጠራ ሰማይ 9 ሰዓት ላይ የሚጠቁረው በዚህ ምክንያት ነው።

ዝናቡ ሲወርድ ቀዝቃዛ አየር አብሮት ይወርዳል። መሬት ሲነካ ወደ ጎን ይሮጣል፤ አቧራ ያስነሣል። ከድንበር ማዶ ሱዳኖች ይህን የአቧራ ማዕበል «ሃቡብ» ይሉታል። ስለዚህ በሙቀት መካከል ድንገት ቀዝቃዛ ነፋስ ቢመታችሁ፣ ዝናቡ ደጃችሁ ደርሷል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ፀሐይ እያለ ወንዙ እንዴት ይሞላል? የጓንግን ወንዝ እንውሰድ። ጓንግ የሚነሣው ከጎንደር በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ነው። ወደ ቆላው ወርዶ ሱዳን ይገባል። እዚያ ስሙ አትባራ ነው። በመጨረሻ ከናይል ጋር ይቀላቀላል። ደጋው ላይ ሲዘንብ ውሃው ወደ ቆላ ይወርዳል። ቆላው ላይ አንድ ጠብታ ባይወርድም እንኳ ወንዙ ይሞላል። ደራሽ ውሃ የሚባለው ይኸው ነው።

ይህ ወሬ አይደለም፤ የታየ ነገር ነው። በሰኔ 1853 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1861፣ ሳሙኤል ቤከር የሚባል እንግሊዛዊ ተጓዥ በሱዳን በአትባራ ዳር ሰፍሮ ነበር። ወንዙ ደርቆ እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ቀርቶበታል። በሰማይ ላይ የዝናብ ደመና አልነበረም። ከሰዎቹ አንዳንዶቹ ወንዙ ውስጥ አሸዋው ላይ ተኝተዋል። በሌሊት ነጎድጓድ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ድምፁ ግን የሰማይ አልነበረም፤ የውሃ ነበር! ሰዎቹ ነቅተው እየሮጡ ወጡ። ሲነጋ ወንዙ 450 ሜትር ያህል ሰፍቶ፣ ከ4 ሜትር በላይ ጠልቆ ይፈስ ነበር። ያ ውሃ ከየት መጣ? ከእኛው ደጋ ነው የመጣው።

አባቶቻችን «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. በደጋው በኩል ሰማይ ከጠቆረ ከወንዝ ውስጥ ውጡ። ውሃው ድንገት ቢደፈርስ፣ ቅጠልና እንጨት ይዞ ቢመጣ ወይም የሩቅ ጉርምርምታ ብትሰሙ፣ ዕቃ ለመሰብሰብ አትዘግዩ። ወደ ከፍታ ሩጡ።

2. የሞላ ወንዝ አትሻገሩ። ከጉልበት የማያልፍ ውሃ እንኳ ፈጣን ከሆነ ሰው ይጥላል። ጠብቁ፤ ይጎድላል።

3. መብረቁ ብልጭ ሲል ቁጠሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያላችሁ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሩ። በየ3 ሴኮንዱ ድምፁ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። 15 ብትቆጥሩ መብረቁ 5 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው። 30 ሳይሞላ ከተሰማ አደጋው ቀርቧል፤ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቡ።

4. ከዛፍ ሥር አትጠለሉ። መብረቅ ረጅም ነገር ይወዳል። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ጠብቁ።

5. ከመውጣታችሁ በፊት በሬዲዮ የአየር ትንበያ አዳምጡ።

ይህ ምክር ለተማሪ ብቻ አይደለም። ከብት ለምትጠብቁ፣ ሰሊጥና ማሽላ ለምታርሙ፣ ከገበያ ለምትመለሱም ነው። ልጆቻችሁንም አስተምሩ።

ያ ተማሪ ኳሱን ይዞ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይጎድልበት ነበር? አንድ ቅዳሜ ብቻ። ቅዳሜ ግን ተመልሶ ይመጣል፤ ሰው አይመለስም።

አሁን እነዚህን ቃላት በደብተራችሁ ጻፉ፤ ደመና፣ ነፋስ፣ መብረቅ፣ ነጎድጓድ፣ ደራሽ ውሃ። ከጻፋችሁ በኋላ ለጎረቤታችሁ አንብቡላቸው። ደህና ሁኑ!