«አንቺን ማን አስተማረሽ?»

ነፋስ መውጫ ላይ የያዝሁት አንድ የስድብ ጉዳይ በሽምግልና አለቀ። ተበዳይዋ ሸክላ ሠሪ ናት። በገበያ መሐል ልጇን «የቡዳ ልጅ» ብሎ የሰደበው ጎረቤቷ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የተናገሩት ግን እስካሁን ይከነክነኛል፦ «እናትሽም ትባል ነበር፤ አንድም ቀን አልከሰሰችም። አንቺን ማን አስተማረሽ?» በዕድሜ ገፍተው የሞቱትን ባልቴት «ትባል ነበር» ማለታቸውን እንኳ ከተቀመጠው ሰው ልብ ያለው የለም።

ከጋይንት እስከ ስማዳና እስቴ ይህን እሰማለሁ፤ ዱሮ ማንም አይከፋውም ነበር፣ የዘንድሮ ሰው ሆደ ባሻ ሆነ ይሉኛል። መልስ መስጠት ሰልችቶኛል። ዐፄ ምኒልክ ብረት ሠሪውንና ሸማኔውን በሙያው መስደብን የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። የሚከፋው ሰው ካልነበረ አዋጁ ለማን ተነገረ? የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ስድብን ይቀጣ ነበር፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 615 ይቀጣል።

እናትዬዋ ዝም ያሉት ስላልከፋቸው አልነበረም። ማሰሯቸውን በእህል የሚለውጣቸው ያው ሰዳቢያቸው ነው፤ ለዳኝነት የሚቀመጠውም የእሱ ዘመድ። ከእሱ ጋር ተካስሰው ልጆቻቸውን ምን ያበሏቸው ነበር? ደግሞስ ይህ ስድብ ተሰምቶ የሚያልፍ ነው? ቡዳ ከተባለ ቤት ጋር ጋብቻ የለም፤ የመንደሩ ልጅ በታመመ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ወደዚያው ቤት ነው።

ስድብ በግል አቤቱታ የሚከሰስ ወንጀል ነው፤ ተበዳዩ ካላመለከተ ዐቃቤ ሕግ አይከስም። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታንና አካል ጉዳተኝነትን ሲጠቅስ ሙያን አይጠቅስም። ስለዚህ ለሸክላ ሠሪዋ የቀራት በር የገዛ አቤቱታዋ ነው። «ማን አስተማረሽ?» የሚላት ሰው ያንኑ በር ይዘጋባታል።

ሽምግልናን አልቃወምም፤ አገራችንን ከደም ያዳነ ነው። ሽማግሌዎቻችንን የምለምነው አንድ ነገር ነው። በገበያ የተሰደበ ሰው በጓዳ አይታረቅ። ተሳዳቢው በዚያው ገበያ፣ በዚያው ሕዝብ ፊት «አጥፍቻለሁ» ይበል፤ ተበዳይዋን «ይቅር በይ» የምትሏት ከዚያ በኋላ ይሁን።